የፒካፔ ከፍታና የእትዬ ጉልበት

ፒካፔ ሆዷን መሬት ላይ ትጎትት ነበር። መኪና ሆድ የላትም የሚለኝ ሰው ካለ፣ ከሶር ወንዝ ወዲያ ያለውን መንገድ በክረምት ሄዶ ይምጣና ያውራኝ። በዚያ መንገድ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ግራና ቀኝ ቦይ ይቆፍሩና መሃሉን አሹለው ትተውት ይሄዳሉ። ትንሽ መኪና ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሆዷ መሃሉ ላይ ይቀመጣል፣ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፣ ሹፌሩ ይሳደባል። እኔ ደግሞ በስድብ አልታማም። በሆዴ የምሳደበው ሚስቴ አብራኝ ካለች ብቻ ነው።

ቡናና ማር ነው የምነግደው። ከሁሩሙ ገበያ መቱ፣ ከመቱ ጎሬ እያልኩ ስመላለስ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ለሥራዬ ቢሆን መኪናዋ እንዳለች ትበቃኝ ነበር፤ አስፋልቱም ጠጠሩም አይከብዳትም። ያስቸገረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ መጨረሻ ደግሞ እትዬ አሉ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው። ሚስቴ «ሰው ለእህቱ አንቱ ይላል እንዴ? አማትህ አደረግሃቸው እኮ!» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ያዘለኝን ሰው አንቺ ልበል ብል አፌ አይታዘዘኝም።

እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅ አልወለዱም። አንድ ክረምት ትኩሳት ጣላቸውና ጎረቤት ደወለልኝ። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ሶርን ተሻግሬ ትንሽ እንደሄድኩ መኪናዋ ቁጭ አለች። ቁጭ! ብገፋት፣ ድንጋይ ባነጥፍላት፣ ባባብላት፣ ብሰድባት፣ ወይ ፍንክች። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ቀና ስል ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ሲወርዱ አየሁ። የእትዬ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አብረውን ከወሎ የመጡም አሉ፣ ያገሩ ኦሮሞዎችም አሉ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚሸከሙት። ቃሬዛው ላይ ያለው ሰው እስከ ራሱ ጋቢ ተሸፍኗል። ሞተዋል ብዬ ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ እትዬ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ። «አልሞትኩም።»

ሆስፒታል ገብተው ዳኑ፣ አልሀምዱሊላህ። ገና እግራቸው መሬት መርገጥ ሲጀምር ግን ካልሄድኩ አሉ። ስንሸኛቸው እኔም ሚስቴም ለመንናቸው። ክረምት ክረምቱን እንኳ መቱ እኛ ጋ ይሁኑ፣ በጋ ሲሆን ወደ ቡናዎ ይመለሱ አልናቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«መኪናህ ደጄ ድረስ ትምጣ። እኔም በገዛ እግሬ ልውጣባት። ያን ጊዜ እመጣለሁ። ተጭኜ ነው የመጣሁት፤ ተጭኜ አልሄድም። ሬሳዬን ከሆነ እንዳሻችሁ።»

ይህን የሰማ ሰው የአሮጊት ግትርነት ይመስለው ይሆናል። አይደለም። እኛ የሰፈራ ልጆች ነን። በድርቁ ዘመን ከወሎ ስንመጣ እኔ ገና ጡት የጣልኩ ሕፃን ነበርኩ፤ እትዬ ኮረዳ ነበሩ። የመጣንበት የጭነት መኪና ረጅም ነው፣ መወጣጫ የለውም፣ ሰው በሰው ላይ ይወጣል። እትዬ እግራቸውን ጎማው ላይ አድርገው ሊወጡ ሲሉ አንዱ በብብታቸው፣ አንዱ በእግራቸው ያዘና እንደ ጆንያ ወደ ላይ ወረወራቸው። እኔ ጀርባቸው ላይ ታዝዬ ነበርና አብሬ ተወረወርኩ። እትዬ ረሃቡን ያወራሉ፣ የቀበርናቸውን ያወራሉ፣ ያ ሁሉ አልፎ ዛሬ ድምፃቸው አይናወጥም። ያቺን ውርወራ ሲያወሩ ግን አሁንም ፊታቸው ይጠቁራል። «ማንም አልጠየቀኝም» ይላሉ። «ትችያለሽ ወይ፣ እንዴት ትወጫለሽ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም።»

መኪናው እዚህ አገር ደርሶ ጭቃው ሲያቆመው ደግሞ ውረዱ ተባልን። የቀረውን መንገድ እትዬ እኔን አዝለው በእግራቸው ሄዱ። ፒካፔ ሆዷ የሚቀመጥበት መንገድ ያው መንገድ ነው።

እንግዲህ በጋው ሲገባ መኪናዋን ከፍ ላስደርጋት ወሰንኩ። መካኒኬ መቱ ጋራዥ ያለው የልጅነት ጓደኛዬ ነው። የመቱ ተወላጅ ነው፤ እኔና እሱ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን ስንነታረክ ነው ያረጀነው። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አየና እጁን እየጠረገ ወጣ።

«አራት ጣት አነሳልሃለሁ» አለኝ። «ከኋላ ባሌስትራው ላይ ሁለት ሁለት የብረት ቅጠል እጨምራለሁ፣ ከፊት ሞላውን በረጅም እቀይራለሁ፣ ከዚያ ትልቅ ጎማ። ጭቃ የሚባል ነገር ትረሳለህ።»

ደጁ ላይ የአንድ ጎረምሳ ነጋዴ ፒካፕ ተሠርታ ቆማለች። አቤት ቁመት! ግመል በሏት። አጠገቧ ብቆም የሞተሯ ክዳን አገጬ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አልዋሽም፣ ዓይኔ እዚያው ቀረ። በዚህች ተቀምጬ የሁሩሙን ገበያ ስሰነጥቀው፣ የማር ሻጮቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩኝ፣ ሁሉም በዓይነ ሕሊናዬ መጣ። ሽበት ልብ አይሰጥም።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። እጄን እያነሳሁ ቁመቷን አሳየኋት።

«እሰይ» አለችኝ። «እትዬስ?»

«እትዬ ምን?»

«በምን ይወጣሉ? በመሰላል? ለእሳቸው ብለህ አንስተህ ላም አለኝ በሰማይ ልታደርግባቸው ነው?»

የእትዬ ጉልበት ከትኩሳቱም በፊት ያማቸው ነበር፤ ሲቀመጡ ያቃስታሉ፣ ሲነሡ ግድግዳ ይይዛሉ። መንገዱ መኪናዋን ከፍ በይ ይላታል፣ ጉልበታቸው ደግሞ ዝቅ በይ ይላታል። በሁለቱ መሃል ስንት ጣት እንዳለ ማንም ለክቶት አያውቅም።

ስለዚህ ልለካ ሄድኩ። መንገዱ በበጋ ደረቅ ስለሆነ እየተንገጫገጭኩም ቢሆን እደርሳለሁ። እትዬን ደጃቸው ላይ አቆምኳቸውና «እግርዎን የሚችሉትን ያህል ያንሱልኝ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ልክ ልወስድ።»

«ሱሪ ልታሰፋልኝ ነው?»

እየሳቁ የበሩን መቃን ይዘው አንድ እግራቸውን አነሡ። እኔ ተንበርክኬ የጆንያ አፍ የምንሰፋበትን ሲባጎ ከመሬት እስከ ጫማቸው ሥር ዘረጋሁና ቋጠርኩት። ከዚያ ወደ መኪናዋ ወስጄ አስተያየሁት። ከጋቢናዋ መወጣጫ እስከ ቋጠሮው ሦስት ጣት ትርፍ አለ። በቃ፣ መነሣት የምትችለው ሦስት ጣት ነው፤ ባሌስትራውም ጎማውም ተደምሮ።

በማግስቱ መኪናዋን ጋራዥ ሳደርስ መካኒኩ የለም። ጎሬ ሰው ይጠብቀኛል። ሲባጎውን የመኪናዋ በር እጀታ ላይ አሰርኩ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ደወልኩለት። ሚኒባሱ ውስጥ ዶሮ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሬዲዮ ያንባርቃል።

«ልኩን ለአንተ ትቼልሃለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ዋናው ጉልበት ነው! ጉልበቱን አደራ!»

«ጉልበቱን ለእኔ ተወው» አለኝ። «አታስብ።»

እኔም አላሰብኩም። ጎሬ ያለውን ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ ግመል ቆማለች። የእኔ ግመል። አራት ጣት ተነሥታ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጎማው ሌላ ጨምሮባት፣ ሰሌዳዋን ባላይ ኖሮ የእኔ መሆኗንም አላውቅም። ሲባጎዬስ? የጋቢናዬን ምንጣፍ ጠቅልሎ አስሮበታል።

መካኒኩ ፊቱ በርቶ መጣ። «አስነሣት እስቲ!» አለኝ። አስነሣኋት። ጋራዡ ተንቀጠቀጠ። «የነዳጁን ኖዝል አውጥቼ አጠብኩልህ፣ ማጣሪያዎቹን ቀየርኩልህ። ከእንግዲህ ዳገት ላይ እንደ በሬ ነው የምትወጣው!»

«ማን በሬ አለህ?» አልኩት።

«ጉልበት አላልክም?»

«ጉልበት ብያለሁ!»

«ታዲያ ይኸው ጉልበት!»

«ጉልበት ነው ያልኩህ እኮ! ጉልበት!» ደሜ ፈላ። ሥራ ላይ ያሉት ሁሉ መዶሻቸውን አስቀምጠው ያዩናል። «ይህን የሚያህል ከፍታ በየት ጉልበት ነው የሚወጣው?»

«በሞተሩ ጉልበት ነዋ!»

«የሞተር ጉልበት ገደል ይግባ!»

መካኒኩ እጁን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ» አለኝ። «ጅልባ ሞ ሁምና?»

ኦሮምኛ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚጠራቸው። እግር የሚታጠፍበት ጅልባ ነው፤ ኃይል ሁምና ነው። የእኛ አማርኛ ግን ሁለቱንም ጉልበት ብሎ ቁጭ ብሏል።

«ጅልባ!» አልኩ። «የእህቴ ጅልባ!»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። መካኒኩ ሳቁ ሲበረታበት ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ጅልባ አትለኝም ነበር? ዕድሜህን ሙሉ መቱ ኖረህ! ልኩን ለአንተ ትቼልሃለሁ ስትለኝ እኮ እንደ ፍጥርጥርህ ማለትህ መስሎኝ ነው!» እኔም ተሸንፌ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ የቃሬዛውን ነገር፣ ተጭኜ አልሄድም ያሉትን ነገር ሁሉ አጫወትኩት። ሲሰማ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ሲባጎውን ከምንጣፉ ላይ ፈታና ቋጠሮውን በጣቱ አሻሸው።

«ይህን ያህል ብቻ ነው የሚያነሡት?» አለኝ።

«ያንን ብቻ።»

«እሺ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እንልቀማ።»

ከባሌስትራው ከጨመረው ቅጠል በየጎኑ አንድ አንድ ትቶ ሌላውን አወጣ። የፊቱን ሞላ በአጭር ለወጠው። ትልቁ ጎማ ደግሞ ቀድሞም ጣጣ ነበረው፤ መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ይልጥ ነበር። ከድሮው ትንሽ ከፍ የሚል፣ ጥርሱ ለጭቃ የሚሆን ሌላ ጎማ ከጅማ አዘዝን። እሱ እስኪመጣ ዝናቡ ቀደመን። በየቀኑ ሰማዩን እያየሁ ቤት ውስጥ ስነጫነጭ ሚስቴ «ሂድና ጋራዥ እደር!» እስክትለኝ ደረስኩ። ለእትዬ በስልክ የጅልባውንና የሁምናውን ታሪክ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ «ዝናቡ ገባ እኮ» አሉኝ፤ ቶሎ ና የማለት ያህል ነበር።

ጎማው ታስሮ ሲያልቅ መካኒኩ ሲባጎውን ከመወጣጫው ላይ ለቀቀው። ቋጠሮው ከመወጣጫው ጋር ልክ ሆኖ ጫፉ መሬቱን ነካ። ከዚህ ወዲያ አንዲት ጣት ብትጨመር ይበላሽ ነበር። ለዓይን ምንም የተነሣች አትመስልም፤ ያ ጎረምሳ ነጋዴ አይቶ «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምሩላት?» ብሎኛል። ይበል።

«ሁምናውን ግን አልቀነስኩትም» አለኝ መካኒኩ። «ለእትዬ ስጦታ ይሁን።»

ሶርን ስሻገር ዝናቡ እያካፋ ነበር። ያችን መኪናዋ ቁጭ ያለችባትን ቦታ ከሩቅ ሳያት ማርሽ ቀነስኩ። ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። የመንገዱ መሃል የመኪናዋን ሆድ ሽርርር አድርጎ ዳሰሳት፤ ብቻ አልያዛትም። አለፍኩ። ብቻዬን ጋቢና ውስጥ እልል ማለቴን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

እትዬ ጓዛቸውን በአንድ ሻንጣና በአንድ ፌስታል ሸክፈው ደጃቸው ላይ ይጠብቁኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል፤ በቃሬዛ ያወረዷቸውም አሉ። እትዬ መኪናዋን ዞረው አዩዋት፣ ጎማዋን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ከዘራቸውን ለጎረቤት ሰጡና አንድ እግራቸውን አነሡ። እግራቸው መወጣጫው ላይ አረፈ። ልክ ሆነ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ግን እዚያው ቀሩ። አንዱ እግራቸው መወጣጫው ላይ፣ አንዱ ጭቃው ላይ። ሰውነታቸውን ሊስቡ አሉ፣ እንቢ አላቸው። እንደገና ሞከሩ። የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አሁንም እንቢ አላቸው። ያን ጊዜ ነው ስህተቴ የገባኝ። እግራቸውን ስንት እንደሚያነሡ ለካሁ እንጂ ያ እግር ራሳቸውን ያነሣ እንደሆነ አልለካሁም። መካኒኩ ጅልባውን ረስቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁምናውን ረሳሁ።

እግራቸውን ቀስ ብለው መለሱና አወረዱ። ማንንም አላዩም። ሁለት ጎረቤቶች በመልካም ልብ ከግራና ከቀኝ ጠጋ አሉ፤ አንዱ እጁን ወደ ብብታቸው ሰደደ። የእትዬ ፊት ጠቆረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

«ቆዩ!» አልኳቸው። «ቆዩ፣ እንጠይቃቸው።» ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። «እትዬ፣ እንዴት መውጣት ይፈልጋሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ዝናቡ ሻሻቸው ላይ ያካፋል።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው ደግሜ።

«ጅልባ ነው ሁምና የምትጠይቀኝ?» አሉኝ፤ ከንፈራቸው ሳቅ አለ።

«ሁለቱንም።»

«ጅልባው ደክሟል። ሁምና አለኝ። ዙር።»

ዞርኩ።

«ጎንበስ በል።»

በመወጣጫዋ ጎን እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ከኋላዬ መወጣጫዋ ሲጥጥ አለች። ከዚያ የእትዬ መዳፍ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ በትከሻዎቼ መሃል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑኝ። ከወሎ እስከ ኢሉባቦር ያዘሉኝ ሰው ይህን ያህል ቀላል ይሆናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለአፍታ ሙሉ በሙሉ በጀርባዬ ላይ ሆኑ፤ ወዲያው ቀለለኝ። ጎረቤቶቹ «እሰይ! እሰይ!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግን ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ አለቅስ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ቀና ብዬ ስዞር እትዬ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ጫንከኝ?» አሉኝ።

«አልጫንኩዎትም፣ እትዬ። ወጡ።»

«እህ» አሉ።

በሩን ልዘጋላቸው እጄን ስዘረጋ ቀደሙኝ። ራሳቸው ጓ አድርገው ዘጉት።